ባለ እጆችና የንቀት ስም

ጁባ የተቈረቈረችበት የነጭ ዓባይ ዳርቻ የባሪ ሕዝብ አገር ነው። በቀድሞው ዘመን በዚህ ሕዝብ ዘንድ ሰው ሲወለድ ወይ ሉይ፥ ማለት ጨዋ፥ ወይም ዱፒ፥ ማለት የሌላው ጥገኛና አገልጋይ ነበረ። ቶሞኖክ የሚባሉት ብረት ቀጥቃጮች ከዝቅተኞቹ ወገን ይቈጠሩ ነበር። ጨዋው እርሻውን የሚቈፍርበትን ብረት ከቀጥቃጩ እጅ ይቀበላል፤ ልጁን ግን አይድርለትም።

ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ መምህር ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በኢትዮጵያም ገበሬው ያለ ቀጥቃጭ ማረሻ፥ ባልቴቲቱም ያለ ሸክላ ሠሪ እንስራ አያገኙም ነበር፤ ሆኖም ቀጥቃጩ ጠይብ፥ ቆዳ አልፊው ፋቂ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል፥ በዓይኑም ሰው ይበላል ተብሎ ቡዳ ተሰኘ። ከቤተ እስራኤል ብዙዎቹ ወደ ብረትና ወደ ሸክላ ሥራ ያዘነበሉት ርስት ስላጡ መሆኑ ሲታሰብ፥ የእጅ ሥራ ንቀት ከመሬት ነገር ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ቀጥቃጩን ጠይብ፥ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፥ ጸሐፊውን ጠንቋይ ማለትን እየቈጠረ፥ የሰው ሁሉ ዘር አዳምና ሔዋን መሆናቸውን ያስታውሳል፤ ተሳዳቢውም አንድ ዓመት እንዲታሰር ያዝዛል። ሠራተኛ ከተሰደበ ሥራውን ይተዋል፥ ሥራ ከቀረም አገር ይደኸያል የሚለው አሳብ የንጉሠ ነገሥቱን አርቆ አስተዋይነት ያሳያል። ዳሩ ግን ዐዋጁ የተነገረው ለተሳዳቢው ነው፤ ተሰዳቢው ራሱ ቃል አልሰጠበትም። ስለዚህ ስድቡ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልጠፋም። በከፋ ማንጆ የሚባሉት፥ አውሬ አድነው የሚበሉና ከሰል አክስለው የሚሸጡ ሰዎች፥ የሌላው ቤት ደጃፍ እንዳያልፉ ተከልክለው ኖረዋል፤ ልጆቻቸውም በጓደኞቻቸው ንቀት ምክንያት ከትምህርት ቤት የቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጃፓን እንዲህ ያለውን ዐዋጅ ከምኒልክ 37 ዓመት ቀድማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1871 አውጥታ ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። ቆዳ የሚያለፉትና ከብት የሚያርዱት ኤታ፥ ማለት እድፋም፥ ይባሉ ነበርና ዐዋጁ ይህን ስም ሻረ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በሞተ ከብት ቆዳ ላይ የነበራቸው ብቸኛ መብት ስለ ተሻረ ድህነታቸው ጨመረ። በ1873 በሚማሳካ የነበሩ ገበሬዎች እነዚህ ሰዎች ከእኛ ጋር እኩል አይሆኑም ብለው ተነሡና ቤታቸውን አቃጠሉ፤ ነፍስም አጠፉ። በመዝገብም አንዳንድ ቦታ «አዲስ ሕዝብ» ተብለው ስለ ተጻፉ፥ የተሻረው ስም በሌላ ስም ተመለሰ።

ነገሩ መልኩን የለወጠው መጋቢት 3 ቀን 1922 ነው። በዚያን ቀን የቡራኩ ሰዎች በኪዮቶ ተሰብስበው ሱይሄይሻ የሚባለውን፥ ትርጓሜው የእኩልነት ማኅበር የሆነውን ድርጅት አቋቋሙ። ሳይኮ ማንኪቺ ያዘጋጀው መግለጫ የሌላውን ርኅራኄ አልለመነም፤ ኤታ የሚለውን ስም ራሱን አንሥቶ የሚኰራበት አደረገው። ምኒልክ ስሙን ከአፍ ሊያወጡ ሞከሩ፤ እነዚህ ግን ስሙን ከተሳዳቢው ቀሙት። ከመሪዎቻቸው አንዱ ማትሱሞቶ ጂኢቺሮ በ1936 የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1948ም የላይኛው ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሳለ፥ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት እንደ ልማዱ እያጐነበሰ በጐን መራመድን እምቢ አለ።

እርግጥ በጃፓንም ትግሉ አላበቃም፤ የቡራኩ መንደሮችን ስም የያዙ መጻሕፍት በስውር ለኩባንያዎች ሲሸጡ የተገለጠው በ1975 ነበር። መንግሥትም ይህን አድልዎ ለማስወገድ በ2016 እንደ ገና ሕግ ማውጣት አስፈልጎታል።

መምህራንን በተለይ የሚመለከተው ግን በኮቺ ከተማ ናጋሃማ በሚባለው ሰፈር የሆነው ነው። በ1961 የቡራኩ እናቶች ከመምህራን ጋር ሕገ መንግሥቱን ሲያነብቡ፥ የግዴታ ትምህርት ያለ ክፍያ ነው የሚለውን ቃል አገኙ። እንግዲያስ መጽሐፍ ስለ ምን እንገዛለን ብለው ሳይገዙ ቀሩ። ብዙዎች ተቈጡባቸው። በ1963 ግን የመማሪያ መጻሕፍት በነጻ እንዲሰጡ በሕግ ተደነገገ፤ በ1969ም ለግዴታ ትምህርት ክፍሎች ሁሉ ተዳረሰ። ከዚያ ወዲህ የጃፓን ልጅ፥ ከቡራኩ ቢወለድ ባይወለድ፥ መጽሐፉን የሚቀበለው በነጻ ነው።