ስንቅ፣ ይለፍና ማደሪያ

ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ተጋድመን የምናወራው ወሬ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ውጭ አገር! የማን ቪዛ ተመታ፣ የማን ተከለከለ፣ ማን ስኮላርሽፕ አገኘ፣ እዚያ የቤት ኪራይ ስንት ነው። አንዱ የትምህርት ማስረጃውን አስተርጉሞ ማኅተም ያስመታል፤ ሌላው በአጎቱ የባንክ ሒሳብ ላይ ተስፋ ጥሏል፤ ሦስተኛው ፓስፖርቱን ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛል። የሁላችንም ኪስ ግን ያው የተማሪ ኪስ ነው። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ወሬ መካከል አንድ ጥያቄ ተነሣብን። ቀጭን ኪስ ይዞ በሰው አገር ለብዙ ዓመት መኖር ዛሬ የተጀመረ ነገር ነው ወይ?

አይደለም። የአገራችን ሰው ይህን ሥራ ቢያንስ ሰባት መቶ ዓመት ሠርቶበታል። የምንናገረው ስለ ኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ነው። ተሳላሚ ሲባል ለፋሲካ ደርሶ የሚመለስ መንገደኛ ብቻ እንዳይመስለን። ብዙዎቹ እዚያው ዓመታት የኖሩ፣ እዚያው ያረጁ፣ እዚያው የተቀበሩ ናቸው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ1337 ግድም ከአገር ወጥተው በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ በኩል አርመን አገር ደርሰው በ1352 እዚያው አረፉ። ይህ የአንድ ሰሞን ጉዞ አይደለም፤ ዕድሜ ነው።

ታሪካቸውን ስንመረምረው እነዚህን ሰዎች በሰው አገር ያኖሯቸው ሦስት ነገሮች ሆነው አገኘናቸው፤ ስንቅ፣ ይለፍና ማደሪያ። እስቲ በየተራ እንያቸው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከስንቁ እንጀምር። መንገዱ ረዥም ነው። ከሰሜኑ ደጋ ወደ ሱዋኪን ወርዶ፣ በረሓውን አቋርጦ፣ ዓባይን ይዞ ካይሮ፣ ከዚያም በሲና ምድር በኩል ኢየሩሳሌም የሚያደርሰው አንዱ ነበር። እስከ ጠረፍ ድረስ አሞሌ ገንዘብ ነው፤ ጠረፉን ካለፉ በኋላ ግን ተራ ጨው ይሆናል። በሶና ቆሎውም ቢሆን ከተወሰነ ቀን በላይ አያዘልቅም። ስለዚህ የተሳላሚው እውነተኛ ስንቅ ሁለት ነገር ነበር፤ የመንገድ ጓድና የመንገድ እውቀት።

የጓዱን ነገር ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፎታል። ከሦስት መቶ በላይ መነኮሳትና ጥቂት መነኮሳይያት በአንድነት ከደባርዋ አካባቢ ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ ሱዋኪን አካባቢ ተጠቁ። ሽማግሌዎቹ ተገደሉ፤ ወጣቶቹ ለባርነት ተሸጡ፤ ያመለጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እንግዲህ የድሮውን ጉዞ በናፍቆት ብቻ ለምንተርከው ይህ ይታሰበን። መንገዱ ሰው ይበላ ነበር። ዛሬም በበረሓና በባሕር የሚበላ መንገድ እንዳለ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገንም።

የመንገዱን እውቀት ደግሞ በሌላ ሰነድ እናገኘዋለን። በ1519 እና በ1524 መካከል አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው ጣሊያን አገር የደረሱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እየጠየቀ የመጡበትን መንገድ መዘገበ። ከየት ተነሥቶ የት እንደሚታደር፣ ከአንዱ ሥፍራ እስከ ሌላው ስንት ቀን እንደሚያስኬድ፣ መነኮሳቱ በቃላቸው ይዘውታል። መዝገቡ በ1958 በእንግሊዝ አገር ታትሞ ወጥቷል። እኛን የገረመን እውቀቱ ያንድ ሰው አለመሆኑ ነው። የቀደመው ለተከታዩ እየነገረ የተከማቸ የጋራ ንብረት ነበር።

ወደ ይለፉ እንሻገር። በዚያ ዘመን የኪስ ፓስፖርት የለም፤ ኤምባሲ በር ላይ መሰለፍም የለም። ይህ ማለት ግን ሰው እንደ ወፍ ይበር ነበር ማለት አይደለም። ይለፉ የሚገኘው ከመንግሥት ለመንግሥት በሚሄድ ደብዳቤ ነው። አጼ ይግባ ጽዮን በ1290 ግድም ለግብፁ ሱልጣን ለቀላውንና ኢየሩሳሌም ለሚኖሩት መነኮሳት ደብዳቤ መላካቸው ይታወቃል። ጳጳሱ ከግብፅ ይመጣልናል፤ ካይሮ በበኩሏ ኢትዮጵያ ላሉት እስላሞች ደኅንነት ታስባለች፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ የዓባይን ውሃ ይገድበዋል የሚል ወሬም በዚያ አገር ይናፈስ ነበር። ተሳላሚው ምስኪን ይህን ሁሉ ፖለቲካ ላያውቀው ይችላል፤ ግን በጥላው ሥር ያልፋል። አንዳንድ የአውሮፓ ተሳላሚዎች እነሱ የቅዱስ መቃብሩን ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ገንዘብ ሲከፍሉ ኢትዮጵያውያኑ በነፃ ይገቡ እንደነበር በቅናት ጽፈዋል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ያ ይለፍ ለአንድ ሰው በስሙ የተሰጠ ወረቀት አልነበረም፤ ለማኅበሩ የተሰጠ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ፎቶግራፉን ለጥፎ በግሉ የሚጠየቅበት ሥርዓት ዓለምን የያዘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር በ1920 ፓሪስ ላይ ስብሰባ ጠርቶ ፓስፖርት አንድ ዓይነት መልክ እንዲይዝ አስመከረ። እኛ ትራሳችን ሥር የምናደርጋት ደብተር የዚያ ልጅ ናት።

ዋናው ነገር ግን ማደሪያው ነው። ተሳላሚው ከአገሩ ወጥቶ ሜዳ ላይ አይወድቅም። ካይሮ ሐረት ዝዌላ የአገሩ ሰዎች አሉ፤ በላይኛው ግብፅ ደብረ ቁስቋም አለ፤ ቆጵሮስም አለ፤ ኢየሩሳሌም ገዳሙ አለ። ከአሥራ አምስተኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሾች የሚባለው ቤት አለ። ቤቶቹ እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር ላይ ተሰክተዋል። ደካማው ያርፍበታል፣ የታመመው ይታመምበታል፣ ቋንቋ የማያውቀው ይማርበታል፣ ያለው ለሌለው ያካፍልበታል።

ከእንዲህ ያለው ቤት ምን ወጣ? ግራኝ አገሩን ባመሰበት ዘመን ከደብረ ሊባኖስ የወጡት አባ ተስፋ ጽዮን በኢየሩሳሌም በኩል ሮም ገብተው እዚያው ቤት ሰፈሩ። በ1548 እና በ1549 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳትመው አወጡ። በመጽሐፉ ላይ ስለ ፊደል ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ፊደል ለቃሚዎቹ ንባቡን አያውቁትም፣ ንባቡን የሚያውቁት እነሱ ደግሞ ፊደል መልቀም አይችሉም ነበርና። ስቴንስል ስንቀዳ የምናድር እኛ ይህን ይቅርታ ስናነብ ሳቅም እንባም መጣብን።

ከመቶ ዓመት በኋላም እዚያው ሮም ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ አባ ጎርጎርዮስን አገኛቸው። ሁለቱን ያገናኛቸው ቋንቋ ግዕዝ ነበር። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ተጠርተው ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄዱ፤ ወጪውን የቻለው የጎታው መስፍን ኤርነስት ነው። ሉዶልፍ በ1681 ላሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክም ሆነ በ1698 ላወጣው የአማርኛ ሰዋስው መሠረቱን የጣሉት እኒህ ሰው ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም፤ በ1658 ወደዚህ ሲመለሱ እስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። በሰው ቤት፣ በሰው እንጀራ የኖረ አንድ መነኩሴ የአንድን አህጉር የኢትዮጵያ ጥናት አቋቋመ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ማደሪያው ሲናጋስ? ኢየሩሳሌም በ1516 በቱርኮች እጅ ገባች። ግብር ተከመረ፤ ከአገር ቤት የሚመጣው ርዳታ ደግሞ ተቋረጠ። በአሥራ ሰባተኛው ምእተ ዓመት ኢትዮጵያውያኑ መክፈል አቅቷቸው በቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበሯቸውን ሥፍራዎች አጡ፤ የቀረላቸው ጣራው ላይ ያለው ዴር ሡልጣን ሆነ። በ1838 ደግሞ ወረርሽኝ ገብቶ መነኮሳቱን ፈጀ። መጻሕፍታቸው ተቃጠሉ፤ ቁልፉም ከእጃቸው ወጣ። መጻሕፍቱ ሲጠፉ የባለቤትነት ማስረጃውም አብሮ ጠፋ። ቁልፎቹ በ1970 ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ ቢመለሱም ከቅብጦች ጋር ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ወረቀት መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር የለም።

ነገሩን የተረዱት የአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት ነገሥታት ናቸው። አጼ ዮሐንስ ጉንደትና ጉራዕ ላይ በ1875 እና በ1876 ግብፆችን ድል ከነሡ በኋላ ከአሮጌው ከተማ ውጭ መሬት ተገዝቶ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ማሠራት ጀመሩ፤ በአጼ ምኒልክ ዘመን በ1893 ተፈጸመ። ከዚያ ወዲህ እቴጌ ጣይቱም ንግሥት ዘውዲቱም በከተማይቱ ቤት አሠሩ። ዘዴው ቀላል ነው። ቤቱ ይከራያል፤ ኪራዩ የመነኮሳቱ ድርጎ ይሆናል። ለአንድ መንገደኛ ገንዘብ ቢሰጡት በልቶት ያልቃል፤ ቤት ቢሠሩለት ግን ከሱ በኋላ የሚመጣውም ይኖርበታል።

አሁን ወደ ዶርማችን እንመለስ። ጀርመን አገር ሊማር የሚፈልግ ተማሪ ከመስከረም 2024 ወዲህ በወር 992 ዩሮ፣ በዓመት 11,904 ዩሮ አስቀድሞ በተዘጋ ሒሳብ አስቀምጦ እንዲያሳይ ይጠየቃል። ስንቅህን አሳየኝ መባል ማለት ነው። ጥያቄው ክፋት ብቻ ነው አንልም፤ ሜዳ ላይ እንዳትወድቅ ነው ይላሉ። ግን ልዩነቱን እንይ። ድሮ የሚጠየቀው ማኅበሩ ነበር፤ ዛሬ የሚጠየቀው ግለሰቡ ነው። ስለዚህ እኛም ሐሳባችን ሁሉ የግል ሆነ። ቪዛ የመታለት ሰው እንደ ሎተሪ ባለዕድል ይታያል፤ ወረቀቱን እንዴት እንዳሟላ እንኳ ለጓደኛው አይነግርም። በዓይን ይበላኛል ብሎ ይደብቃል! ሄዶም ፎቶግራፍ ይልካል እንጂ ኪራዩ ስንት እንደሆነ አይጽፍም።

መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው፣ እኛ ምን አለን የሚል ወንድም ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ንጉሥ ደብዳቤ አይጽፍልንም፤ ገዳምም አይጠብቀንም። ዕድርና ዕቁብ ግን ከእናቶቻችን ጋር አድገናል። አምስት ተማሪ ለኪራይ መያዣ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ቢያዋጣ፣ መጀመሪያ የሄደው ቤት ተከራይቶ ሁለተኛውን ቢያሳርፍ፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውን ቢቀበል፣ ያ መቁጠሪያ እንደገና ተሰካ ማለት ነው። አሥራ አንድ ሺሁን ዩሮ ይህ አይሞላልንም፤ አንዋሽም። ከደረሱ በኋላ ግን ሰውን የሚሰብሩት የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ወራት ናቸው፤ እነሱን ያሻግራል።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ልመና አንድ ነው። የሄዳችሁ ጻፉልን። ለዞርዚ መንገዱን እንደነገሩት መነኮሳት አድርጋችሁ ጻፉልን። የቪዛው ቀጠሮ ስንት ወር ፈጀ፣ የትኛው ወረቀት ጎደለ ተባላችሁ፣ አልጋ በወር ስንት ነው፣ ዳቦና አውቶቡስ ስንት ነው፣ ስትታመሙ ማን ደረሰላችሁ። እኛ ደግሞ ቃል እንገባለን። የሚደርሰንን ሁሉ ስቴንስል ላይ ቀድተን እናባዛለን፤ ከእኛ መካከል የሚሄድም ቢኖር የሄደበትን መንገድ ሳይጽፍ አይቀርም።

የፊደል ስሕተት ካለም እንደ አባ ተስፋ ጽዮን ይቅርታችሁን እንለምናለን።