በሳንሪኩ ጠረፍ ስላሉት መንደሮች አሠፋፈር

ጃፓኖች ሳንሪኩ በሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ የሚኖረው ሕዝብ እንጀራውም ሞቱም ከባሕር ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1896 ዓ.ም. ሱናሚ የሚባለው ማዕበል ወደ 22,000 ሰዎች ፈጀ፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ወደ 3,000 የሚሆኑትን ወሰደ። አኔዮሺ በምትባል ትንሽ መንደር ከፊተኛው ጥፋት ሁለት፣ ከኋለኛው አራት ሰዎች ብቻ እንደ ተረፉ ይነገራል። እነዚህም ወደ ተራራው ወጥተው ከባሕር ወለል 60 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ ድንጋይ አቆሙ፤ ልጆቻቸው ከዚያ በታች ቤት እንዳይሠሩም ጻፉበት። በ2011 ዓ.ም. ማዕበሉ በዚያው ሸለቆ እስከ 40 ሜትር ገደማ ሲወጣ ከድንጋዩ በታች ቆመ፤ ቤቶቹም አልተነኩም።

ነገር ግን ድንጋይ መትከልና ከድንጋዩ በላይ ጸንቶ መኖር አንድ አይደለም። የመልክዐ ምድር ሊቅ የነበሩት ያማጉቺ ያይቺሮ ጠረፉን እየዞሩ ሲመረምሩ፣ ወደ ኮረብታ የወጣው ሕዝብ በብዙ መንደር ቀስ በቀስ ወደ ባሕሩ ዳር እንደ ተመለሰ አገኙ። ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። ዓሣ አጥማጅ ከጀልባው መራቅ አይሆንለትም፤ በኮረብታው ላይ ውሃ ያንሳል፤ የአባት ርስትም ይጠራል፤ ማዕበሉን ያላየ እንግዳ መጥቶ ባዶውን መሬት ሲይዝ ደግሞ ባለቤቱ ዝም ብሎ ማየት ይከብደዋል።

ታሮ የምትባለው ከተማ ግን ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ቁመቱ 10 ሜትር የሆነ ግንብ መሥራት ያዘች፤ ርዝመቱም በመጨረሻ ከ2,400 ሜትር በለጠ። ለእኔ ከግንቡ ይልቅ የሚደንቀኝ የመንገዶቹ አሠራር ነው፤ ወደ ተራራው በቀጥታ እንዲያመሩ ተደርገው፣ የሚሸሽ ሰው ወዲያና ወዲህ አሻግሮ እንዲያይ የመስቀለኛው መንገድ ማዕዘኖች ተቆረጡ። በ2011 ዓ.ም. ውሃው ግንቡን ተሻገረው፤ ከፊሉንም አፈረሰው። ግንቡን አምነው ሳይሸሹ የቀሩ ነበሩ።

ጠረፉ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ስለ ሆነ አገር ጎብኚ ይመላለስበታል። የመንደሩ ልጅ የማምለጫውን ዳገት በጨለማም ያውቀዋል፤ አንድ ሌሊት ለማደር የመጣ እንግዳ ግን ከየት ያውቀዋል? ስለዚህ ከጥፋቱ በኋላ በታሮ ብዙ መኖሪያ ቤት ወደ ኮረብታው ሲወጣ፣ ከቆላው መሬት ከፊሉ ለቤዝቦል ሜዳና ለመንገደኛ ማረፊያ ገበያ ተሰጠ። ሰው ቀን ውሎበት ማታ የሚለየው ስፍራ ሆነ ማለት ነው።

ባለ ስድስት ፎቁ የታሮ ሆቴልም አልፈረሰም። የታችኞቹ ሁለት ፎቆች የብረት አጥንታቸው ብቻ ቀርቶ እንደ ቆሙ ለመታሰቢያ ተጠብቀዋል። ጎብኚው ወደ ስድስተኛው ፎቅ ይወጣና፣ ማዕበሉ ሲገባ ከዚያው ክፍል መስኮት የተነሣውን ፊልም እዚያው ቁጭ ብሎ ያያል።