የሃይማኖት ትምህርት በእንግሊዝ፦ የግዴታው ሰዓትና የምርጫው ፈተና

የእንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በ13 ወይም በ14 ዓመቱ የሚፈተንባቸውን ትምህርቶች ሲመርጥ፣ የሃይማኖት ትምህርትን ከታሪክና ከጂኦግራፊ ጎን ተዘርዝሮ ያገኘዋል። ክፍለ ጊዜው በሕግ ግዴታ ነው፤ ፈተናውን መውሰድ ግን፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉንም ካላስገደደ በቀር፣ የተማሪው ምርጫ ነው። ግዴታና ምርጫ በአንድ ትምህርት ላይ የተገናኙት አብያተ ክርስቲያናት፣ ፓርላማና መምህራን ከ100 ዓመት በላይ ሲከራከሩ ኖረው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1870 የወጣው የትምህርት ሕግ በሕዝብ ግብር የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶችን ሲያቋቁም ከባዱ ጥያቄ ልጆቹ የማንን ሃይማኖት ይማሩ የሚለው ነበር። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የራሷን ትምህርት ትፈልጋለች፤ ከእርሷ የተለዩት ባፕቲስቶችና ሌሎችም ግብራቸው ለሌላ ቤተ እምነት ማስተማሪያ እንዲውል አይፈቅዱም። የፓርላማ አባሉ ዊሊያም ካውፐር-ቴምፕል ያቀረቡት አንቀጽ ነገሩን አበረደው፦ መጽሐፍ ቅዱስን ማስተማር ይቻላል፤ የአንድ ቤተ እምነት መለያ የሆነ ትምህርተ ሃይማኖት ግን በእነዚህ ትምህርት ቤቶች አይሰጥም። ሌላ ድንጋጌ ደግሞ የሃይማኖቱ ክፍለ ጊዜ በትምህርቱ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ እንዲውል፣ የሰዓት ሰሌዳውም በየክፍሉ ሁልጊዜ በሚታይ ቦታ ተለጥፎ እንዲቀመጥ አዘዘ። ልጁ ከዚህ ትምህርት እንዲቀር የሚሻ ወላጅ ሰሌዳውን አይቶ አርፍዶ ይልከዋል ወይም ቀድሞ ይወስደዋል፤ ሂሳቡና ንባቡ አይጓደልበትም። ያቺ የግድግዳ ወረቀት ትንሽ ትምሰል እንጂ፣ የድሀውን ወላጅ ኅሊና ያስከበረችለት እርሷ ናት።

ግዴታው የመጣው በ1944 በወጣውና በትለር በተባሉት ሚኒስትር ስም በሚጠራው ሕግ ነው። ሕጉ ከትምህርቶች ሁሉ ሃይማኖትን ብቻ በስም ጠቅሶ አስገዳጅ አደረገ፤ የወላጅን ልጅ የማስቀረት መብት ግን አልነካም። መርሐ ትምህርቱን የሚያወጣው የየአካባቢው ጉባኤ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌሎች ቤተ እምነቶች፣ መምህራንና የአካባቢው አስተዳደር በአራት ኮሚቴ ተቀምጠው በሙሉ ስምምነት መወሰን ነበረባቸው። ከ1951 ጀምሮ በተሰጠው የኦ ሌቭል ፈተና ተማሪው ትምህርቱን መርጦ መፈተን ቻለ። ያን ጊዜ የሚጠየቀው በአብዛኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ ወንጌላትንና የሐዋርያትን ሥራ አጥንቶ፣ የጳውሎስን ጉዞዎች በቅደም ተከተል የሚተርክ ውጤት ያገኛል።

በ1960ዎቹ ይህ ዓይነቱ ትምህርት ለዘመኑ መጥበብ ጀመረ። ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከካሪቢያን የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ክፍሎቹን ሞሉ፤ የእንግሊዛውያኑም ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀነሰ። በ1967 በላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖት ጥናት ክፍል ያቋቋሙት ኒኒያን ስማርት፣ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሥራ ሃይማኖቶችን ማስረዳት እንጂ አማኝ ማፍራት አይደለም ብለው አስተማሩ። በ1975 የጸደቀው የበርሚንግሃም መርሐ ትምህርት እስልምናን፣ ሂንዱይዝምንና ሲክሂዝምን ከክርስትና ጋር አሰለፈ። ኮሙኒዝምንም ከእምነት ውጭ ካሉ የሕይወት አቋሞች አንዱ አድርጎ ማካተቱ ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ። ተቃውሞው ጮኸ እንጂ የሌሎቹን ሃይማኖቶች መግባት አልመለሰም፤ የ1988 ሕግ ክርስትናን በዋናነት አስቀምጦ የሌሎቹን ዐበይት ሃይማኖቶች ትምህርት ማካተትን በመላ አገሪቱ ግዴታ አደረገ።

በዚያው ዓመት ጂሲኤስኢ የተባለው አዲስ ፈተና ኦ ሌቭልን ተካ። በ1990ዎቹ የተጀመረው አጭር ኮርስ ደግሞ የግዴታውን ሰዓት በፈተና ውጤት እንዲቋጭ ስላስቻለ ብዙ ተማሪ ተፈተነበት። ነገሩ የተገለበጠው መንግሥት በ2010 ትምህርት ቤቶችን የሚመዝንበትን አዲስ መለኪያ ሲያስታውቅ ነው፤ ታሪክና ጂኦግራፊ ሲቆጠሩ ሃይማኖት ተተወ። አጭሩ ኮርስም ከውጤት ሠንጠረዡ ሲወጣ ተፈታኙ እጅግ ተመናመነ። መለኪያው ተማሪውን በቀጥታ አላስገደደም፤ ትምህርት ቤቱ የሚያቀርብለትን ምርጫ ግን አጠበበው፣ ጉዳቱም እዚህ ላይ ነበር።

በ2016 ማስተማር የተጀመረበት የአሁኑ ጂሲኤስኢ ቢያንስ ሁለት ሃይማኖቶችን ይጠይቃል። ኤኪውኤ የተባለው የፈተና ድርጅት በሚያወጣው ወረቀት 12 ነጥብ የሚይዘው ጥያቄ ለተማሪው አንድ አከራካሪ ዐረፍተ ነገር ይሰጠዋል፤ እርሱም የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ሐሳብ ከሃይማኖቱ ትምህርት ጋር አገናዝቦ በምክንያት የተደገፈ ውሳኔ ላይ መድረስ አለበት። የጳውሎስን ጉዞ በቃል መያዝ እዚህ አያደርስም። ፈተናው ገና ማስተማር ሳይጀመርበት፣ በ2015 ወላጆች ከሃይማኖት ውጭ ያሉ አመለካከቶች ተገፍተዋል ብለው ከሰሱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም የፈተናውን ይዘት ማስተማር ብቻውን ሕጋዊውን ግዴታ ያሟላል የሚለውን የመንግሥት አቋም ስሕተት ነው አለ።

ዌልስ ግን በሌላ መንገድ ሄደች። ከ2022 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በገባው ሥርዓተ ትምህርት ትምህርቱ ሃይማኖት፣ እሴትና ሥነ ምግባር ተብሎ ተሰየመ፤ ልጅን ከክፍለ ጊዜው የማስቀረት የወላጅ መብትም ቀረ። በእንግሊዝ መብቱ እስካሁን ጸንቷል።