ከጅሬን እስከ አጋሮ፦ የእሁድ የሞተር ጉዞና አንድ የቆየ ጥያቄ

እሁድ የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ «ቲቸር፣ ደሞ ሞተር ጀመርክ እንዴ?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አዎ፣ ጀምሬያለሁ። ዘጠኝ ሞተር ሆነን ጠዋት ጅሬን ላይ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ተነሣን፤ ወደ ከተማው ወርደን በየቡ በኩል አጋሮ ደርሰን ተመለስን። ቡድኑ ውስጥ ሁለቱ የድሮ ተማሪዎቼ ናቸው። መንገድ ላይ እነሱ ናቸው አስተማሪዎቼ፤ ኩርባ ሳይደርስ ማርሽ ቀንስ፣ ጠጠር ያለበት ላይ ፍሬን አትያዝ እያሉ።

ስለ ታሪኩ ልጽፍ ያሰብኩት ከሁለቱ አንዱ ባነሳብኝ ነገር ነው።

ቤተ መንግሥቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነግሠው ያስተዳደሩት ከዚህ ኮረብታ ነው። ጎረቤት መንግሥታት በጦርነት ሲወድቁ፣ እሳቸው ለምኒልክ ገብረው ጅማን ከጥፋት አዳኑ። ይሄንን ክፍል ውስጥ በኩራት እናስተምራለን፤ ማስተማርም ይገባናል። ከኮረብታው ግርጌ ደግሞ ሂርማታ ነበር፣ የዛሬው ጅማ ከተማ ያደገበት ገበያ። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ማር፣ ቡና ይወጣል፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይገባል። ነጋዴው በበቅሎና በአህያ፣ ብዙው ደግሞ በእግሩ፣ በጉድሩ አድርጎ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ ይደርሳል። እኛ በአንድ ጠዋት ሄደን የምንመለስበት አገር ለሲራራ ነጋዴ የሳምንታት ጉዞ መነሻ ነበር።

የጅማ መንግሥት ድንበሩን በቦይና በአጥር ዘግቶ መግቢያና መውጫውን በበሮች ይቆጣጠር ነበር። በሩ ኬላ ይባላል፤ ጠባቂው አባ ኬላ። ቀረጥ የሚከፈለውም እዚያ ነው። (ትራፊክ ሲያስቆመን «ኬላ ያዘን» የምንለው ያው ቃል ነው።) ከኬላው ወዲያ፣ በጅማና በጎማ መካከል፣ ሞጋ የሚሉት ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ነበር። አጋሮ የድሮው የጎማ መንግሥት አገር ነው። ዛሬ ያ ባዶ መሬት በሙሉ ቡና ነው፤ በየደጁ ጀንፈል ተሰጥቷል፣ እኛም ዛፉን እያደነቅን እናልፋለን።

ግን በኬላው ሰውም አልፏል። ከከፋና ከሌላም ቦታ የተያዙ ሰዎች ወደ ሂርማታ ይመጡ ነበር፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች። ንጉሡም ባለሟሎቻቸውም የባሪያ ባለቤቶች ነበሩ፤ ከንግዱም ቀረጥ ይሰበሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 የምኒልክ ጦር ከፋን ሲወጋ የጅማ ሠራዊትም አብሮ ዘምቷል። ይሄን ክፍል ውስጥ በአንድ መስመር ነበር የማልፈው።

እና ያ ልጅ፣ አሥረኛ ክፍል እያለ፣ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ የኛ ቤተሰብ በዚህ በር ገብተው ነው ወይስ ወጥተው?» አለኝ። ደወል ተደወለ። እውነቱን ለመናገር ደወሉ አዳነኝ። «ነገ» አልኩት፤ ነገ ግን ሌላ ምዕራፍ ጀመርን።

እሁድ አጋሮ ቡና ስንጠጣ ሄልሜቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ያንኑ አነሳው። አያቱ በልጅነታቸው ከየት እንደመጡ ቤት ውስጥ አይነገርም። ጎረቤት ግን ያውቃል፤ ለሠርግ ሽማግሌ ሲላክ ደግሞ ዘር ይቆጠራል። በዚህ አገር ባሪያ መሸጥ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ አዋጆች እየተከለከለ፣ በ1942 ጨርሶ ተሻረ፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው። ሽማግሌ የተላከበት ቤት ግን አዋጁን አላነበበም።

«ገብተውም ይሆናል» አልኩት። «የመጡት ተገደው ከሆነ፣ የሚያፍረው ያመጣቸው ነው እንጂ አንተ አይደለህም።» ትንሽ ዝም አለና «ይሄን ያኔ ብትለኝ ኖሮ» አለ። መልስ አልነበረኝም።

ስንመለስ እሱ ፊት ነዳ፣ እኔ ከኋላው። የቡ ላይ ቆም ብሎ ጠበቀኝ። በሚቀጥለው ዓመት ይሄን ትምህርት ሁለት ክፍለ ጊዜ እሰጠዋለሁ፤ አንዱን ከተፈቀደልኝ እዚያው ጅሬን፣ በሩ አጠገብ። ቤታችሁ ስለ ሂርማታ ገበያ የሚተረክ ነገር ያላችሁ፣ ስም ሳትጠቅሱ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።