ፎቶው ጎንደር አይደለም

ባለፈው መጽሔታችን ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ወጥቶ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ነጭ ጋዋን የለበሱ ስድስት ወጣቶች ከአንድ አሮጌ የድንጋይ ግንብ ጥግ ተደርድረው ቆመዋል። ከሥሩ «የኮሌጃችን ቀደምት ተማሪዎች በፋሲል ግንብ ሽርሽር ላይ» ይላል። መግለጫውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፎቶው ከአንድ ቤተሰብ አልበም ነው የመጣልን፤ ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ክብ ማማ ያለው ግንብና የጤና ኮሌጅ ተማሪዎች አንድ ላይ ሳይ፣ ጎንደር ካልሆነ የት ይሆናል ብዬ ደግሜ እንኳ አላየሁትም።

መጽሔቱ በወጣ በወሩ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ በ1950ዎቹ ከኮሌጃችን የወጡ ጤና መኮንን ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። «ልጄ፣ ይሄ ጎንደር አይደለም፤ እንፍራንዝ ነው። ሽርሽርም አልነበርንም» አሉኝ። ወዲያው ልጃቸው ስልኩን ተቀበላቸውና «ዶክተር፣ አይቀየሙን፤ አባባ አሁን አሁን ይረሳሉ» አለኝ። ምንም አይደለም ብዬ ዘጋሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም የልጁን ቃል ነበር የተቀበልኩት። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ዋርድ ውስጥ ለተማሪዎች «ከምርመራ በፊት ታካሚው የሚላችሁን ስሙ» እያልኩ የምመክር ሰው፣ እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ፎቶ የተነሣውን ሰው ሳልሰማ ዘግቻለሁ። ተነሥቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩና ፎቶውን አጉልቼ ማየት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ግንቡን ነው። ፋሲል ግንብን ስንማር በየሳምንቱ እናልፍበት ስለነበር መልኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ አራት ማዕዘኖቹ ላይ ባለ ጉልላት ክብ ማማዎች፣ ከላያቸው ከፍ ብሎ የሚታይ ባለ አራት ማዕዘን ማማ፣ በደንብ የቆመ ግድግዳ። ጣሊያኖች ጎንደርን በያዙበት ጊዜ ግንቡን በሲሚንቶ ጠግነውታል። በፎቶው ላይ ያለው ግንብ ግን ጣሪያው ክፍት ነው፤ ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ቁጥቋጦ በቅሏል። ያ ከፍ ያለ ማማም የለም። ከጥገናው ከ20 ዓመት በኋላ የተነሣ የፋሲል ግንብ ፎቶ እንዲህ ሊሆን አይችልም።

ቀጥዬ ዙሪያውን አየሁ። የጎንደር ነገሥታት ግቢ 900 ሜትር ገደማ በሚሆን አጥር የተከበበ ነው። ውስጡም የአጼ ኢያሱ፣ የአጼ ዳዊት፣ የአጼ በካፋና የሌሎቹ ሕንፃዎች አሉበት። በፎቶው ላይ አጥርም ሆነ ሌላ ሕንፃ አይታይም። መሬቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሩቅ እንደ ነጭ ክር የሚያበራ ውኃ አለ።

ይህን ለአንድ የክፍል ጓደኛዬ ስነግረው «ከፋሲል ግንብ አናት ላይ እኮ ጣና ይታያል» ብሎ ተከራከረኝ። ልክ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ይታያል። የፎቶው ሰዎች ግን አናት ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው የቆሙት። ሌላው ደግሞ ጥላቸው ነው። ውኃው ከኋላቸው ሆኖ ጥላቸው ረዝሞ ወደ ፎቶ አንሺው ይመጣል፤ ፊታቸውም የጠቆረው ለዚህ ነው። ፀሐይዋ በውኃው በኩል ዝቅ ብላለች ማለት ነው። ከጎንደር ሲታይ ጣና በደቡብ በኩል ነው። በእኛ አገር ፀሐይ በደቡብ በኩል የምትሆነው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ከፍ ብላ ስለምትቆም ጥላ አይረዝምም። ስለዚህ ፎቶው ማታ ከተነሣ ውኃው በምዕራብ መሆን አለበት። ከእንፍራንዝ ጣና የሚታየው ደግሞ በምዕራብ ነው።

እንፍራንዝ ላይ ያለው ግንብ ጉዛራ ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ ማክሰኚትን አልፎ ከተራራ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ከ1556 እስከ 1590 ዓ.ም. የነገሡት አጼ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት ይነገራል። ጎንደር የተቆረቆረችው በ1628 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፣ ጉዛራ የፋሲል ግንብ ታላቅ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። በመካከሉ አጼ ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ አሠርተዋል፤ ልጃቸው አጼ ፋሲል ደግሞ ጎንደር ላይ ከተሙ። የሁለቱ ግንቦች መልክ መመሳሰሉ እንግዲህ ዝምድና ነው፤ እኔንም ያሳሳተኝ እሱ ነው።

ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ተነሥተን ሄድን። አሥር ሰዓት ላይ ግንቡ ጋ ደረስንና ፎቶውን ይዘን ዞርን። የመስኮቱ ቅስትና የማዕዘኑ ድንጋዮች አንድ በአንድ ገጠሙ። ጀርባችንን ለጣና ሰጥተን ስንቆም ጥላችን እንደ እነሱ ወደ ፊታችን ወደቀ። ሦስታችንም ዝም አልን።

በማግሥቱ ጋሼ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። «ሽርሽር የሚለው ነው የቆጨኝ» አሉኝ። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ዓላማው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥኖ ገጠር ማድረስ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ደንቢያ ላይ የተነሣው ወባ ሺዎችን ጨርሶ ነበር። ተማሪዎቹም ትምህርታቸውን የሚጨርሱት በየወረዳው እየሠሩ ነው። ጋሼና ጓደኞቻቸው ያን ቀን ሲነጋ ጀምረው የፈንጣጣ ክትባት ሲሰጡ ውለዋል። «አየሽው፣ እግሩ ሥር ያለውን ሣጥን? የክትባት ዕቃ ነው። ለሽርሽር ማን ጋዋን ለብሶ ይሄዳል?» አሉኝ። ሣጥኑን ቀድሞም አይቼዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም ነበር። ከቀኝ ሁለተኛ የቆመውን ልጅ በጣታቸው እየነኩ «ይሄ በሦስተኛው ሳምንት ተስቦ ይዞት ሞተ። እዚያው እንፍራንዝ ቀበርነው። ከዚህ ሌላ ፎቶ የለውም» አሉ። ልጃቸው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም።

ስለዚህ በዚህ እትም ፎቶውን ደግመን አውጥተነዋል። መግለጫው «የኮሌጃችን ተማሪዎች ከክትባት ሥራ በኋላ፣ ጉዛራ ግንብ፣ እንፍራንዝ» ተብሎ ታርሟል። ከመታተሙ በፊት ለጋሼ በስልክ አነበብኩላቸው። «ሽርሽር የሚለው ወጣ?» አሉኝ። «ወጥቷል ጋሼ» አልኳቸው።

እናንተም ቤት ጀርባው ባዶ የሆነ የኮሌጅ ፎቶ አይጠፋም። በዚህ በዓል ስትመጡ ይዛችሁት ኑ። ታላላቆቻችን አብረውን ሳሉ ቦታውንና ሰዎቹን እንጠይቃቸውና ጀርባው ላይ በእርሳስ እንጻፍ። የሚሉትን ስንጠራጠር ደግሞ «ይረሳሉ» ከማለታችን በፊት ፎቶውን ደግመን እንየው።