የበለጠ ጌራ ደን ፈራሚዎች

የደን ማኅበሮቹ የተቋቋሙት ደን ለመጠበቅ ነበር። በተቋቋሙበት ዓመት ግን የተረከቡት ደን ማኅበር ከሌለበት ደን ይበልጥ ተመነጠረ።

ይህን በቁጥር ያሳዩት ርዮ ታካሃሺና ያሱዩኪ ቶዶ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ናቸው። የበለጠ ጌራን ደን የሳተላይት ምስሎች እያስተያዩ፣ የትኛው ማኅበር መቼ እንደተመሠረተ እያመሳከሩ ደረሱበት። ዓመት ካለፈ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ ማኅበር ያለው ደን ማገገም ያዘ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሲደመሩ በማኅበር የተያዘው ደን 1.5 በመቶ ሲጨምር ማኅበር የሌለው 3.3 በመቶ ቀነሰ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲታተም ብዙ ሰው የያዘው ይህንን የመጨረሻ ቁጥር ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ የመጀመሪያው ዓመት ነው። ደኑን ልጠብቅ ብሎ ሊፈርም የተሰለፈ ገበሬ ስለ ምን መጥረቢያ አነሳ?

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ሰው ሰቃን አልፎ ሸቤ ሳይደርስ መንገዱ ድንገት ጥላ ውስጥ ይገባል። በለጠ ነው። ጌራ ደግሞ ከአጋሮ ወደ ጪራ በሚወስደው በኩል ነው። ሁለቱ ተደምረው 150 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሸፍኑ ሲሆን፣ መንግሥት ቅድሚያ የሚሰጣቸው ብሔራዊ ደኖች ብሎ ከመዘገባቸው 58 ደኖች አንዱ ናቸው። በመዝገቡ መሠረት ደኑ የመንግሥት ነው። በደኑ ውስጥ ግን ሰው አለ። ከዋንዛው፣ ከሰሳውና ከቀረሮው ሥር የበቀለው ቡና ባለቤት አለው፤ ዛፉ ላይ የተሰቀለው ቀፎም እንዲሁ። የማን ቡና የት ላይ እንደሚያበቃ ጎረቤት ለጎረቤት ያውቃል፤ ድንበሩ ጅረት ነው፣ ወይም አንድ ትልቅ ዛፍ። አባት ለልጅ ያወርሳል። የወረሰበት ወረቀት የለም።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባላባቱን ከመሬቱ ነቀለ። ጭሰኛው እፎይ አለ፤ ደኑ ግን የመንግሥት ሆኖ ቀረ፤ ጠባቂም ተመደበለት። ቡናውን ለመልቀም የሚገባው ገበሬና ደኑን ለመጠበቅ የተቀጠረው ሰው ሆድና ጀርባ ሆነው ዓመታት አለፉ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በአገሪቱ ብዙ ቦታ የመንግሥት የተባለ ደን የደረሰበትን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ጠባቂው ዞር ሲል ሰው ተሻማበት። የእኔ ያልሆነውን እኔ ካልቆረጥኩት ሌላው ይቆርጠዋል የሚል ስሌት ነበር፤ በጊዜው ከነበረው ሕግ አንፃር ሲታይ ደግሞ ሞኝነት አልነበረም።

እንግዲህ በ1996 ዓ.ም. የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት፣ ጃይካ፣ ከኦሮሚያ ክልል የደን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ «ተደራጁና ደኑን ተረከቡ» ሲል የመጣው ለዚህ ገበሬ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የደን አዋጅ ቁጥር 72 ለማኅበረሰብ ደን ቦታ ሰጥቶ ስለነበር የሕግ መሠረቱ ነበር። ገበሬው ግን አዋጁን በጋዜጣ አላነበበም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ባለሥልጣን ስለ ደን ሊያወራ ከመጣ ክልከላ ይከተላል። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት የሚያስፈልገውን ቆረጠ፣ ማሳውንም ገፋ አደረገ። የመጀመሪያው ዓመት ምንጣሮ የእምነት ማጣት መለኪያ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ማኅበሩ በአፋን ኦሮሞ ዋልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና ተባለ፤ የደን አስተዳደር ማኅበር ማለት ነው። አጠር አድርገው ዋቡብ ይሉታል። ስምምነቱ ሁለት ወገን ነበረው። በደኑ ውስጥ ቤትና ማሳ ያለው ሰው አይነሳም፤ ቡናውን ይለቅማል፣ ማሩን ይቆርጣል፤ ይህ መብቱ በጽሑፍ ይታወቅለታል። በምላሹ ማሳውን ወደ ደኑ አያሰፋም፣ ሲያሰፋ የተገኘውንም ማኅበሩ ራሱ ይጠይቀዋል። ወሰኑን የቀበሌው ሰዎች ከባለሙያዎቹ ጋር በእግራቸው እየዞሩ ለዩት።

እዚህ ላይ ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ። እድር ያቋቋመ ሰው መተዳደሪያ ደንብ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ቅጣት፣ ተራ፣ ገንዘብ ያዥ ለእሱ አዲስ አይደሉም። አዲስ የሆነበት መንግሥት የእሱን ፊርማ አክብሮ መቆየቱ ነው። ሁለተኛው ዓመት ሲመጣ፣ መሬቱም እንዳልተወሰደ፣ ቡናውም እንዳልተነካ ሲያይ መጥረቢያው ተቀመጠ።

ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራው በሁለተኛ ምዕራፍ ወደ ሌሎቹ ቀበሌዎች ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የደን ቡናው የሬይንፎረስት አሊያንስን ማረጋገጫ አገኘ፤ አረንጓዴ እንቁራሪት ያለበት ማኅተም ነው። ከዚያ በፊት ጀንፈሉ ለሰብሳቢ ተሽጦ ከሌላው ቡና ጋር ይቀላቀል ነበር። አሁን ጥላውን ያልቆረጠ፣ በደኑ ያላደነ፣ ቡናውን መሬት ላይ ሳይሆን አልጋ ላይ ያደረቀ ገበሬ ከመደበኛው ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚበልጥ ዋጋ ማየት ጀመረ። በኋላም ዩሲሲ የተባለው የጃፓን የቡና ኩባንያ ገዢ ሆኖ መጣ።

ታካሃሺና ቶዶ ይህንንም ተከታተሉት። ማረጋገጫ ያለው የቡና ደን የመመንጠር ዕድሉ በ1.7 መቶኛ ነጥብ ቀንሶ አገኙት። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ቡና እያለው ማረጋገጫ የሌለው ደን፣ ጭራሽ ቡና ከሌለው ደን የተሻለ አልተጠበቀም። በጅማ ስብሰባ በተደረገ ቁጥር «ቡና ካለ ደን አለ» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ደስ ይላል፤ ቁጥሩ ግን አይደግፈውም።

የጅማ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ተመራማሪ ኪቴሳ ሁንዴራ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ አዩት። በጅማ ዙሪያ ያሉ የቡና ደኖችን ከነተፈጥሯቸው ካሉ ደኖች ጋር አነጻጸሩ። ቡና ለቃሚው ከለቀማ በፊት ገጀራውን ይዞ ይገባል፤ ቁጥቋጦውን፣ ሐረጉን፣ ከቡናው ጋር የሚሻማውን ሁሉ ይመነጥራል። ሲመነጥር ገና ጉልበት ያላወጣውን የቀረሮ ችግኝም አብሮ ይቆርጠዋል። ከላይ ሲታይ ደኑ አለ፤ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል። የሚተካቸው ልጅ ግን ከሥራቸው የለም። በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚያድጉት ኦርኪዶችም ሳስተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናታቸው የደኑ መቆራረስም ቡናውም እንደጎዷቸው ያሳያል። የሳተላይቱ ምስል ደን ያለውን የኪቴሳ እግር ቡና ማሳ ይለዋል። ዋቡቦቹ ያልፈቱት ችግር ይህ ነው። ዋጋው በጨመረ ቁጥር ገጀራውም ይበረታል።

ደኑ ምን እንደያዘ ጅማ ቀድማ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። ፍሬው ገና እሸት ሳለ እየጠቆረ ይረግፍ ነበር። በጅማ አቅራቢያ የሚገኘው የመልኮ የምርምር ማዕከል ሰዎች መድኃኒት ከመርጨት ይልቅ በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች ፍለጋ ወደ ደን ቡናው ወጡ። ዛሬ ገበሬው «74110» እና «74112» እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ከመቱ አካባቢ፣ ከቢሻሪ፣ ከተመረጡ እናት ዛፎች የመጡ ናቸው። ቁጥሩ ዓመቱንና የዛፉን ተራ ይናገራል፤ ሰው ግን አይጠራም። ከአጋሮ እስከ ሊሙ በየጓሮው የተተከለው ቡና የዚያ ፍለጋ ልጅ ነው።

ያንን የቡና ደን በስሙ እየጠሩ የተሟገቱለት ሰውም አሉ። ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ እ.ኤ.አ. በ2003 በጀርመን ቦን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት ስለ ያዩ ደን ነበር። ያዩ ከጅማ በአጋሮና በበደሌ አልፈው ወደ መቱ ሲያቀኑ የሚያገኟት ከተማ ናት። ዶክተር ታደሰ ጥናታቸውን አስረክበው አልተቀመጡም፤ ስለ ቡና ደንና ስለ አካባቢ የሚሟገት የሲቪል ማኅበር አቋቋሙ። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ያዩን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበ። ጠቅላላው 167,021 ሄክታር ሲሆን ማንም የማይነካው ማዕከላዊ ክፍል 27,733 ሄክታር ነው። ከፋም በዚያው ዓመት ተመዘገበ። የአካባቢ ተሟጋቹ ዶክተር ሚሊዮን በላይና ድርጅታቸው መልካ ኢትዮጵያ የደከሙለት የሸካ ደን ሁለት ዓመት ዘግይቶ ተከተለ።

ምዝገባው ግን አጥር አይደለም። የያዩ መዝገብ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ ከደኑ አጠገብ ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ የሚያመርት ግዙፍ ፋብሪካ እንዲሠራ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ፣ ተሰጠ። ሥራው ዓመታት ተጓቶ፣ ቢሊዮኖች ወጥቶበት እ.ኤ.አ. በ2018 ውሉ ተቋረጠ። የቆመው የደን ተሟጋቾች ስላሸነፉ አይደለም፤ በወጪውና በመጓተቱ ነው። ይህን መሸፋፈን ለማንም አይጠቅምም።

ዶክተር ታደሰ ከለንደኑ የኪው የዕፅዋት ማዕከል ከአሮን ዴቪስና ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ዓለምን አስደንግጧል። የአየር ንብረቱ በተያዘው መንገድ ከተለወጠ፣ የዱር አረቢካ ቡና ከሚስማማው ቦታ እስከ እ.ኤ.አ. 2080 ድረስ ቢያንስ 65 በመቶው፣ በከፋው ግምት ደግሞ 99.7 በመቶው ይጠፋል የሚል ነው። ጥናቱ ሲጠቀስ የሚጠሩት ሳይንቲስቶቹ ናቸው፤ ይገባቸዋልም። ቀሪው ደን የቆመባቸው ገበሬዎች ግን በአንዱም ወረቀት ላይ በስም የሉም። «አባወራዎች»፣ «ተሳታፊዎች»፣ «ናሙና» ተብለው አልፈዋል።

አሁን ደግሞ አዲስ ጠያቂ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ደንብ፣ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት የመጣ ቡና ገበያዬ አይግባ ይላል፤ የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በካርታ እንዲቀርብም ይጠይቃል። ተግባራዊነቱ ደጋግሞ ቢራዘምም አልተሻረም። ለደን ቡና ገበሬ «ማሳህ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ማሳው ደን ውስጥ ነው። ከ20 ዓመት በፊት በእግር እየተዞረ የተለየው የዋቡብ ወሰን ለዚህ ጥያቄ ያለን ምርጥ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ግማሽ አካሉ በ1945 ዓ.ም. የተከፈተው የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ነውና፣ የአካባቢውን የቡና ታሪክ ለመያዝ ከእሱ የሚቀድም የለም። የመጀመሪያዎቹን ዋቡቦች መተዳደሪያ ደንብ፣ የወሰን ንድፍና የፈራሚዎች ዝርዝር በአንድ ቦታ ይሰብስብ። በ1996 ዓ.ም. የ40 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ የፈረመ ሰው ዛሬ ከ60 አልፏል። በጪራ፣ በሸቤና በአጋሮ ይህን የምታነቡም፣ ከመጀመሪያው ስምምነት ቅጂ በቤታችሁ ሳጥን ውስጥ ካለ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት።