ባለጭራ ቢራቢሮዎችን ወደ መኖሪያ ቤት ጓሮ ለመሳብ የሚያስፈልጉ ዕፅዋትና ጥንቃቄዎች

በጓሮአቸው ወይም በበረንዳቸው ላይ ቢራቢሮዎችን ማየት የሚፈልጉ ዜጎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት አበባ በመትከል ነው። አበባ ግን ቢራቢሮውን ለጥቂት ደቂቃዎች ያሳርፈዋል እንጂ አያቆየውም። በተለይ ባለጭራ ቢራቢሮዎች በሚባለው ቤተሰብ የሚመደቡት ትልልቅ ቢራቢሮዎች ወደ አንድ ጓሮ የሚመላለሱት እንቁላላቸውን የሚጥሉበትና ትሎቻቸው የሚመገቡት ተክል ሲያገኙ ነው። ይህ ተክል በአገራችን መኖሪያ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ሎሚ ነው። ስለሆነም ቢራቢሮውን የሚፈልግ ሰው የሎሚውን ቅጠል ለትሉ ለማካፈል አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። ይህ መረጃ የሎሚ ችግኝ ሳይጎዳ፣ ቤተሰብም ያለአግባብ ለፀረ ተባይ ኬሚካል ሳይጋለጥ ቢራቢሮውን በጓሮ ማኖር የሚቻልበትን መንገድ ያስረዳል።

ቢራቢሮውን ስለ መለየት

ቤተሰቡ በሳይንሳዊ ስሙ ፓፒሊዮኒዴ ይባላል። ባለጭራ የሚለው መጠሪያ የመጣው በብዙዎቹ ዝርያዎች የኋላ ክንፍ ጫፍ ላይ ከሚታየው ጭራ መሰል ቅጥያ ነው። ይሁንና በጓሮ ሎሚ ላይ አዘውትሮ የሚገኘው ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ የተባለው ዝርያ፣ ከዚሁ ቤተሰብ ሆኖ ሳለ ጭራ የለውም። ክንፉ ሲዘረጋ ከ10 እስከ 13 ሳንቲሜትር ይደርሳል። መደቡ ጥቁር፣ ነጠብጣቡ ፈዛዛ ቢጫ ሲሆን በኋላ ክንፎቹ ላይ ቀይና ሰማያዊ ያለበት ዓይን መሰል ምልክት ይታያል። አበባ ሲቀስም እንኳ ክንፉን ማርገብገብ አያቋርጥም፤ ከርቀት ለመለየት ከቀለሙ ይልቅ ይህ ጠባዩ ይረዳል።

በደን ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የተባለውንም ሊያዩ ይችላሉ። ይህኛው በእርግጥ ባለጭራ ነው። በብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች የዚህ ዝርያ እንስቶች ጭራ የሌላቸውና ለወፎች መርዛማ የሆኑ ሌሎች ቢራቢሮዎችን የሚመስሉ ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ግን አብዛኞቹ እንስቶች እንደ ወንዱ ቢጫና ባለጭራ ናቸው። በዚህ ምክንያት የአገራችን ዳርዳነስ በነፍሳት አጥኚዎች ዘንድ ሲጠቀስ ቆይቷል።

ለትሎቹ ምግብ የሚሆኑ ተክሎች

ሎሚ፣ ብርቱካን፣ መንደሪንና ትርንጎ ሩታሴ ከተባለው የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው። ለጥርስ መፋቂያነት የሚታወቀው ልምጭም ከዚሁ ቤተሰብ ይመደባል፤ አገር በቀል በመሆኑና በአጥር ጥግ ያለ ብዙ እንክብካቤ ስለሚያድግ ቦታ ላላቸው ቤቶች ይመረጣል። ከቡና ጋር የሚቀርበው ጤና አዳምም የሎሚ ዘመድ ነው። በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የሚገኙ ባለጭራ ቢራቢሮዎች በጤና አዳም ዝርያዎች ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ስለዚህ በጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖርና በረንዳ ብቻ ያለው ሰው ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ አንድ ወይም ሁለት ማሰሮ ጤና አዳም በማስቀመጥ መሞከር ይችላል። ጤና አዳም ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ሊያቃጥልና ሊያቁስል ስለሚችል፣ በጠራራ ፀሐይ ሲቆርጡ ጓንት ማድረግ ይገባል።

እንስላልን በተመለከተ፣ በደቡብ አፍሪካ ምዕራባዊ ክፍል የፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ትሎች በእንስላል ላይ እንደሚያድጉ ይታወቃል። በአገራችን ጓሮ ግን ዋናው ማረፊያ ሎሚና ዘመዶቹ እንደሆኑ አድርጎ ማቀድ ይሻላል።

የሎሚ ችግኝ ሲገዛ ምንጩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በአገራችን ብርቱካን አምራች አካባቢዎች ጉዳት ያደረሰው የቅጠልና የፍሬ ነጠብጣብ በሽታ በተበከለ ችግኝና ቅጠል አማካይነት ከቦታ ወደ ቦታ ይዛመታል። ስለዚህ ከሌላ አካባቢ ዘመድ የላከውን ችግኝ ከመትከል በአካባቢው ከሚታወቅ የችግኝ ጣቢያ መግዛት ይመረጣል።

ትሉን ስለ ማወቅና ችግኙን ስለ መጠበቅ

እንስቷ ቢራቢሮ እንቁላሏን አንድ በአንድ፣ በአብዛኛው ለጋ በሆነው ቅጠል ላይ ትጥላለች። እንቁላሉ ክብና ፈዛዛ ቢጫ ሲሆን መጠኑ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሚፈለፈለው ትል ቡናማና ነጭ ቀለም ስላለው የወፍ ኩስ ይመስላል። ይህ መልክ ከወፎች ይሰውረዋል። በዚያው ልክ ብዙ ባለቤቶች ትሉን ሳያዩት የሚያልፉትም በዚህ ምክንያት ነው። ሲያድግ ቆዳውን ይቀይርና አረንጓዴ ይሆናል፤ ርዝመቱም ከ4 ሳንቲሜትር በላይ ይደርሳል። ሲነካ ከራሱ በስተኋላ ሹካ የመሰለ ብርቱካናማ አካል ያወጣል፤ ኃይለኛ ሽታም ይሸታል። እንደ አባጨጓሬ የሚያሳክክ ፀጉር የለውም፤ አይናደፍም፤ ሕፃን ቢነካውም አይጎዳውም።

ትሉ አብዛኛውን ቅጠል የሚበላው አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ባሉት የመጨረሻ ቀናት ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሆነና ቅርንጫፉ የተንሰራፋ የሎሚ ዛፍ ጥቂት ትሎችን ያለ ጉዳት ይመግባል፤ የተበላው ቅጠልም በሚቀጥለው ዝናብ ይተካል። ከጉልበት ያላለፈ ችግኝ ግን ሁለት ወይም ሦስት ትሎች ሙሉ በሙሉ ሊያራቁቱት ይችላሉ። በዚህ ላይ መዘናጋት አይገባም። የአንድ ዓመት ድካም በሳምንት ውስጥ ሊጠፋ ይችላልና።

መፍትሔው ሁለት ተክል መያዝ ነው። አንደኛው ለቤተሰቡ፣ ሁለተኛው ለቢራቢሮው ይሆናል። በችግኙ ላይ ትል ሲገኝ በእጅ ከመጎተት ይልቅ ያረፈበትን ቅጠል ከነትሉ ቆርጦ በትልቁ ዛፍ ለጋ ቅጠሎች መካከል ማኖር ይገባል፤ ትሉ ራሱ ይሻገራል። ከሎሚ ላይ የተነሣ ትል ወደ ሌላ ሎሚ ወይም ወደ ብርቱካን መወሰድ አለበት። ትልቅ ዛፍ የሌለው ሰው ችግኙን በስስ ሻሽ ሸፍኖ እንስቷ እንዳትደርስበት ማድረግ ይችላል። ለዚህ ተግባር በኬሚካል የተነከረ የአልጋ አጎበር መጠቀም አይፈቀድም፤ አጎበሩ የተሰጠው ቤተሰብን ከወባ ለመከላከል ነው።

በሎሚ ቅጠል ላይ የሚታይ ጉዳት ሁሉ የዚህ ትል ሥራ አይደለም። ትሉ ቅጠሉን ከጠርዝ ጀምሮ ወደ መሐል ይበላል። በቅጠሉ ውስጥ የሚታይ የተጠማዘዘ ብርማ መስመር የሌላ ጥቃቅን ነፍሳት ምልክት ነው፤ ቅጠል ላይ የሚጣበቅ ጥቁር ጥላሸትም እንዲሁ። እነዚህን አይቶ ቢራቢሮውን መወንጀል የተለመደ ስሕተት ነው።

ፀረ ተባይ ኬሚካልን በተመለከተ

ቢራቢሮ በሚፈለግበት ጓሮ ኬሚካል መርጨት ዓላማውን ያፈርሳል። ትሉን የሚገድለው መርዝ ንቦችንም ይገድላል፤ በሎሚው ልጣጭና በጤና አዳሙ ቅጠል ላይ የሚቀረውም ወደ ሲኒውና ወደ ሻዩ ይገባል። ከኒም ቅጠል የሚዘጋጀው ፈሳሽ የተፈጥሮ በመሆኑ ጉዳት የለውም የሚል አስተሳሰብ አለ፤ ለትሎቹ ግን እርሱም ገዳይ ነው።

በሕግ መሠረት በአገሪቱ ጥቅም ላይ የሚውል ፀረ ተባይ የተመዘገበ መሆን አለበት። በውኃ ጠርሙስ ተቀንሶ፣ ያለ መግለጫ ጽሑፍ የሚሸጥ ኬሚካል ምን እንደሆነ ሻጩም ገዢውም ሊያረጋግጡ አይችሉም። ለጥቂት ትሎች ሲባል እንዲህ ያለውን ጠርሙስ ልጆች ባሉበት ቤት ማስገባት ከሎሚው ቅጠል ጋር የሚነጻጸር ጉዳይ አይደለም። ከአበባ ሻጮች የተገዛ ተክልም አስቀድሞ ተረጭቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በሚገዙበት ጊዜ መጠየቅ ይገባል።

አበባ፣ ሙቀትና እርጥበት

ለአዋቂዎቹ ቢራቢሮዎች ዚኒያ፣ ኮስሞስና ፔንታስ ተስማሚ ናቸው። በመስከረም አደይ አበባ፣ ከዚያ በኋላም ግራዋ ሲያብቡ ነፍሳትን ይስባሉ። አበባዎቹን ከነፋስ የተከለለና የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ላይ በአንድነት መትከል ይሻላል፤ ቢራቢሮ ሰውነቱ ካልሞቀ በደንብ አይበርም።

አንድ ተክል በተለይ መወገድ አለበት፤ እርሱም የወፍ ቆሎ ነው። ቢራቢሮዎች አበባውን በእጅጉ እንደሚወዱት እውነት ነው፤ የውጭ አገር ጽሑፎችም ለጓሮ ሲመክሩት ይታያል። ነገር ግን ይህ ተክል ወደ አገራችን የገባ ወራሪ ነው። ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ይበትናሉ፤ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የግጦሽ መሬትን ወርሯል፤ ከብቶች ሲበሉትም ይመረዛሉ። በአንድ ግቢ ለጌጥ የተተከለው ተክል የሌላውን አርብቶ አደር መሬት ሊያጠፋ ይችላል።

ወንዶቹ ቢራቢሮዎች ጨውና ማዕድን ለማግኘት ከእርጥብ አፈር ይጠጣሉ። ጠፍጣፋ ሳሕን በአሸዋ ሞልቶ ማርጠብ በቂ ነው። ውኃው ከአሸዋው በላይ እንዲቆም መፍቀድ አይገባም፤ የቆመ ውኃ ትንኝ ያራባል።

ትሉ ዕድገቱን ሲጨርስ በቀጭን ክር ራሱን ከግንድ ወይም ከቅርንጫፍ ጋር ያስርና የማይንቀሳቀስ ሽፋን ውስጥ ይገባል። ሽፋኑ እንደ አካባቢው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ስለሚሆን የደረቀ ቅጠል ይመስላል። ቢራቢሮው እስኪወጣ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት፣ በቀዝቃዛ ወቅት ደግሞ ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ሎሚውን የሚገርዝ ሰው ከመቁረጡ በፊት ቅርንጫፎቹን መመልከት ይኖርበታል። በጎኑ ትንሽ ቀዳዳ ያለበትና የጠቆረ ሽፋን ከተገኘ በጥገኛ ተርብ የተጠቃ ነው፤ ይህም ተፈጥሯዊ በመሆኑ ምንም እርምጃ አያስፈልገውም።

በሎሚ ተክል ላይ ከትሉ የተለየ በሽታ ወይም የማይታወቅ ተባይ ያየ ሰው፣ የተጎዳውን ቅጠል ከግቢው ሳያወጣ ፎቶግራፍ በማንሣት በቅርብ ለሚገኘው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳየት ይችላል።